የማዕዘኑ ምሰሶ

የመርሳዋ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ንግሥት ሰው አታምንም። ነገሩ አይፈረድባትም። የመጀመሪያው ኮንትራክተር የሠራላት ሱቅ አንድ ክረምት እንኳ ሳይሻገር ግድግዳው ተሰነጠቀ፤ ሰውየውም ስልኩን አጥፍቶ የውሃ ሽታ ሆነ። አሁን አስፋልቱ ዳር የምታሠራው ባለ አንድ ፎቅ ቤት የመጨረሻዋ ነው። ይኼም ከተበላሸ እንደገና የምትጀምርበት ጉልበት የላትም።

የወልድያው ኮንትራክተር አብዱልጀሊል ሥራውን ሲይዝ ያመጣው ሐሳብ ያልተዋጠላት ለዚህ ነው። አሠሪና ሠሪ ሆነን አንፋጠጥ አላት። ሲሚንቶውንም ፌሮውንም አብረን እንምረጥ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ተቀምጠን ሁለታችንም የሳምንቱን ጥፋታችንን በገዛ አፋችን እንናገር፣ ሳይጠየቅ ቀድሞ የተናገረ አይወቀስ። ይህንኑ ውሉ ላይ ጽፈው ፈረሙ። እውነትም ሰውየው በየሳምንቱ ይናዘዝ ጀመር፤ አንዴ አሸዋው በደንብ አልተነፋም፣ ሌላ ጊዜ ግንቡ ውሃ ሳይጠጣ ዋለ ይላል። የንግሥት ጥርጣሬ ግን ይብሱን ከፋ። ትንሹን የሚነግረኝ ትልቁን ሊደብቅ ነው ብላ እርፍ!

አንድ ሐሙስ ከሰዓት የማዕዘኑ ምሰሶ ኮንክሪት ተሞላ። በማግስቱ ሠራተኛው ለጁምዓ ሲበተን፣ ንግሥት ዘበኛውን በር አስከፍታ ከውርጌሳ ያስመጣችውን ግንበኛ ኪሩቤልን ይዛ ገባች። ኮንክሪቱን የያዘውን ጣውላ ከሥር ከፍቶ ፌሮው እንዳልተሰረቀ እንዲያይላት ነበር። ኪሩቤል ገና አልጠነከረም፣ ይቆይ ቢላት የሚሰማ ጆሮ አልነበራትም። ጣውላው ሲላቀቅ ኮንክሪቱ አብሮ ተገመሰ። በታየው በኩል ፌሮው እንዳለ አለ። ኪሩቤል የወደቀውን መልሶ ጠቀጠቀ፣ ጣውላውን በምስማር መታ፣ ሠራተኛው ሳይመለስ ወጡ።

ቅዳሜ ቀድሞ የመናገር ተራው የእሷ ነበር።

"በእኔ በኩል የለም" አለች።

አብዱልጀሊል የማዕዘኑ ምሰሶ እግሩ እንደተጎዳ፣ እንደዚያ ሆኖ ፎቁን እንደማይሸከም፣ ሰኞ አፍርሶ በራሱ ሲሚንቶ እንደሚሞላው ነገራት። የማን ጥፋት እንደሆነ አላነሳም። ማፈር ሲገባት ይህች ሴት ምን አሰበች መሰላችሁ? ወጪውን ያለ ጭቅጭቅ የተሸከመው ሌላ የሚደብቀው ነገር ቢኖረው ነው አለች።

ሰኞ ምሰሶው ሲፈርስ ከአጠገቡ ንቅንቅ አላለችም። ፌሮው ከላይ እስከ ታች ተገልጦ ታየ፤ ፕላኑ ላይ ካለው አንድም አልጎደለም። ያኔ ፊቷ በእፍረት ጋለ።

"ጣውላውን ያስከፈትኩት እኔ ነኝ" አለችው።

"አውቃለሁ እትዬ። ዘበኛው ያኔውኑ ነግሮኛል። ከአፍዎ ለመስማት ነበር ቅዳሜን የጠበቅሁት።"

ይቅርታ ጠየቀችው፤ እሱም አልተቆጣም። ቤቱን ሳያጓድል እንደሚጨርስላት፣ የቅዳሜው መቀመጥ ግን ከዛሬ እንደቀረ፣ ጥያቄ ካላት በጽሑፍ እንድትልክለት በትሕትና ነገራት። ተቆጥቶ ቢሰድባት በወደደች።

እንዳለውም አደረገ። ዛሬ ፎቁ ላይ ጣሪያ እየተመታ ነው። ንግሥት የጎደለ ነገር አለ ወይ እያለች በጻፈች ቁጥር "ችግር የለም" የሚል ወረቀት ይመጣላታል። ወረቀቱን በአንድ እጇ ይዛ፣ በሌላው ግድግዳውን እየዳበሰች ቤቱን ትዞረዋለች።