የልብስ ሰፊው ቢጫ መዳፎች

ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው ጀርባ ባለው መስኮት ሲጋራውን ሲያቦንን፣ ሚስቱ "ተው" ብላ ብላ ሰለቻት። በመጨረሻ "በል እንግዲያው ይህንን ዋጥ" ብላ ብርቱካንማ እንክብሎች ይዛለት መጣች። የካሮት ቫይታሚን ነው፣ ጭሱ ያበላሸውን ይጠግናል ብሏታል ሻጩ።

መዋጥ ከጀመረ ወዲህ ደረቱ ውስጥ ትንሽ ፀሐይ የገባች መሰለው። ከሰዓት በኋላ የመኪናው ድምፅ እሹሩሩ እያለው ሲያንጎላጅ፣ ያቺ ፀሐይ በሳንባው ጓዳ ጎድጓዳ እየዞረች ጥላሸቱን ስትጠርግ ያያል። ሲነቃ ቅልል ይለዋል። "ጠራጊ አለችኝ አይደል!" ይልና ይለኩሳል። ሳይታወቀው ሲጋራው በዛ።

አንድ ቀን አንዲት ሙሽራ ቬሎዋን ልትለካ መጣች። ወገቡን በስፒል ሲይዝላት እጁን በመስታወቱ አየችና ክው አለች።

"ኧረ ጋሼ፣ እጅዎን ቀለም ነክቶታል! እንዳያበላሹብኝ!"

ታጠበ፤ በሳሙና ፈተገ። ከነጩ ጨርቅ ጎን መዳፉ ያው ቢጫ ነው።

ሱቁን ዘግቶ ነርስ የሆነች ታላቅ እህቱ ዘንድ ሄደ። መዳፉን ገልብጣ አየች፤ የዓይኑን ሽፋን ገለጥ አደረገች።

"የዓይንህ ነጩ ቢጫ አልሆነም፤ የጉበት በሽታ አይመስለኝም። ምንድነው የምትውጠው?"

"የካሮት ቫይታሚን። ጭሱን ያጸዳል ተብሎ።"

"ሆሆ! ጭሱ እኮ ሰውነትህን ከውስጥ እንደ ብረት ነው የሚያዝገው፤ ኦክሲዴቲቭ ስትረስ የሚሉት እሱ ነው። ቫይታሚኑ ዝገቱን ያስቆማል ብለው ለብዙ አጫሾች ሰጥተው ሞክረውታል። የሳንባ ካንሰር ጭራሽ በዛባቸው። ቢጫው የካሮቱ ቀለም ነው፣ እንክብሉን ስታቆም ይለቅሃል፤ ጉዱ ያለው ሲጋራው ጋ ነው፣ ወንድምዬ።"

ሚስቱ ይህን ስትሰማ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። "በገዛ እጄ ልገድልህ ነበር?"

"አንቺማ ልታኖሪኝ ነው የደከምሽው። እንክብሉን እንደ ማጨሻ ፈቃድ የቆጠርኩት እኔ ነኝ።"

እንክብሉን ያኔውኑ ተወ። ሲጋራውን መተው ግን ቁም ስቅሉን አሳየው። ደንበኛ ላይ ጮኸ፣ እጅጌ አጣሞ ሰፋ፣ ሁለቴ ተመልሶ ለኮሰ። እህቱ ግን አልለቀቀችውም፤ እየደወለች፣ እየተቆጣች፣ እያሳቀች አሻገረችው።

አንድ ዝናባማ ጠዋት አዲስ ጣቃ ጥጥ ሲፈታ የሆነ ሽታ መጣበት። ጨርቁ ነው። ስንት ዓመት ሲቆርጠው ኖሮ፣ ጭሱ አፍንጫውን ዘግቶበት ሽታ እንዳለው ረስቶታል። ፊቱን ቀብሮ ቀረ፤ እርጥብ ሜዳ ላይ የተኛ መሰለው።

"ምን ሆነሃል አንተ?" አለች ሚስቱ ከበሩ።

"ነይ እስቲ አሽትቺው።"

አሸተተች። "ምንም የለውም።"

"አለው እንጂ" አለና ሳቀ። ጠጋ ስትለው ደግሞ የአንገቷ ሳሙና ሸተተው። ዓይኑን ጨፈነ።