በሁለት አጫጆች መካከል

እህተ ማርያም ስሌቱን ለስድስተኛ ጊዜ አስነሳችው። በላፕቶፑ ላይ የጤፍ ፍሬዎች እንደ ዝናብ ወርደው ተከመሩ። አንድ ሚሊዮን አስገብታ አንድ ሚሊዮን ከአርባ ሦስት ወጣላት።

ስልኳ ጮኸ። አዲስ አበባ ያለችው ባልደረባዋ ሜላት ናት።

«ሙከራው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ካልተስተካከለ አዲሱ ሱፐር ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው የሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ፕሮግራም ነው።»

«አውቃለሁ።»

«የስመኘውን ክፍል ነካሽው?»

«ዙሪያውን እየሠራሁ ነው።»

«እህቴ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ዙሪያውን ነው የሠራሽው።»

የፕሮግራሙን ዋና ክፍል የጻፈው ሟች ባሏ ስመኘው ነበር። እህል ከጎተራ እንዴት እንደሚፈስ ለማስላት ፍሬዎቹን አንድ በአንድ፣ በተራ ይቆጥራል። አዲሱ ማሽን ግን ሥራውን በውስጡ ላሉ ብዙ ሺህ ትናንሽ ሠራተኞች አከፋፍሎ በአንድ ጊዜ የሚያሠራ ነው። እሷም የባሏን መስመሮች ሳትነካ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ገልብጣ ሰጠች። ከመስመሮቹ በላይ የተወላት ቀልድ አለ፦ «ይህን የነካ ለአባቴ ጤፍ አጨዳ ይውጣ።» ያኔ እዚሁ ፍኖተ ሰላም፣ በዚሁ ጠረጴዛ ጎን ለጎን ይሠሩ ነበር። እሱ ሲያስብ የእስክሪብቶ ክዳን ያኝካል። ክዳኑ አሁንም መሳቢያው ውስጥ አለ።

አማቷ አቶ ዳኘው ከማንኩሳ ለገበያ መጥተው ከኋላዋ ተቀምጠዋል።

«ይኼ ጤፍ ነው እንዴ?»

«እንደ ጤፍ ነው፣ አባባ። ማሳውን ለብዙ ሰው ከፋፍዬ ሰጠሁ። ድንበር ላይ ያለችውን ፍሬ ግን ሁለቱም የእኔ ናት እያሉ ይቆጥሯታል።»

«ደቦ ጠርተሽ ደንቡን ሳትነግሪያቸው?» ሳቁ። «በሁለት አጫጆች መካከል የቆመ እህል ሁሉ የቀኙ ሰው ድርሻ ነው። የግራው አይነካውም። ይኼ ካልተባለማ ወይ ይጣላሉ፣ ወይ ሁለቱም ትተውት ያልፋሉ።»

«ስመኘው ይኼን ያውቅ ነበር?»

«እሱማ ብቻውን ማጨድ ነበር የሚወድ። ላግዝህ ያለውን ይቆጣል።» ወደ ላፕቶፑ ጠጋ አሉ። «ግን ያጨደው ያምር ነበር።»

ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። የባሏን አርባ መስመሮች መረጠች። ጣቷ ማጥፊያው ላይ ቆየ፤ ከዚያ ተጫነችው። በምትኩ ድንበር ላይ ያለች ፍሬ የቀኙ ብቻ እንድትሆን ጻፈችና ስሌቱን አስነሳች።

አንድ ሚሊዮን ገባ። አንድ ሚሊዮን ወጣ።

ለሜላት ላከችው። ቀልዱ ከላይ ብቻውን ቀርቷል፤ እሱን አላጠፋችውም።

«አባባ፣ አጨዳው መቼ ነው?»

«ማክሰኞ። ምነው?»

«እወጣለሁ።»

ከቀብሩ ወዲህ ማንኩሳን ረግጣ አታውቅም። አቶ ዳኘው እጆቿን ተመለከቱ።

«ማጭድ ይዘሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው በስተግራዬ ትቆሚያለሽ» አሉ።