ለሟች የተሰጠ መሐላ

ድንጋይ ማለት ካልነኩት በቀር ካስቀመጡት ቦታ የማይነሣ ነገር ነው፣ ምላስ የለውም፣ እግር የለውም፣ አባቶቻችን ድንበር ላይ ያቆሙትም ስለዚህ ነው፣ አይዋሽም ብለው፣ ግን ትከሻ ያለው ሰው ካገኘ ይሄዳል፣ ይህን ማን አስቦ ነበር። አሁን እኔ በዚህ የጥር ብርድ ሚካኤል ደጀ ሰላም ላይ ቆሜያለሁ፣ ቅዳሴ ወጥቷል፣ ሕዝቡ አልሄደም፣ ለምን ይሄዳል፣ የመንዝ ሰው የነገር ማብቂያ ሳያይ ምሳ አይቀምስም፣ ቄስ ኃይለ ኢየሱስ ወንጌሉን ታቅፈው ይጠብቁኛል፣ የሚቀረኝ እጄን ዘርግቼ ድንጋዩ የቆመው በትክክለኛው ድንበር ላይ ነው፣ ከዋሸሁ ዘሬ ይነቀል ማለት ብቻ ነው፣ ያን ካልኩ ከጅረቱ በላይ ያለው የገብስ መሬት የእኛ ይሆናል፣ ካላልኩ የወዳጆ። ከአርባ አራት ዓመተ ምሕረት ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት የተሟገትንበት መሬት። በአንድ ጥማድ በሬ ከረፋድ በፊት ታርሶ የሚያልቅ።

ወዳጆ የአባቴ የአጎት ልጅ ነው፣ ያው ጋቢውን አደግድጎ ቆሟል፣ ከሳሽ ይማልና ይውሰደው ያለው እሱ ነው፣ በደንቡ ተከሳሽ መሐላውን ለከሳሽ መስጠት ይችላል፣ ግን ለእኔ አልነበረም የሰጠው፣ ለእናቴ ነበር፣ ከሳሿ እሷ ናት፣ እሷ ደግሞ መነኩሴ ናት፣ መነኩሴ አይምልም፣ ብልሃቱ እዚህ ላይ ነበር። እናቴ ግን ለአጥቢያ ዳኛው ለአቶ ፈንታ ምን አለቻቸው፣ እኔ የሞትኩ ሰው ነኝ፣ የሞተ ሰው ይወረሳል እንጂ አይምልም፣ ወራሼ ያውና። ሰው ሳቀ፣ አቶ ፈንታም ሳቁ፣ ወዳጆ አልሳቀም። እኔም።

መሞቷስ እውነት ነው፣ የዛሬ ሦስት ዓመት ጌታነሽ የምትባል ሴት እዚሁ ቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ በነጭ ተሸፍና ተኛች፣ ፍትሐት ተደገመላት፣ እኔ፣ የመሐል ሜዳ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር፣ የምንኩስና ሥርዓት መሆኑን እያወቅሁ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፣ ከዚያ እማሆይ አመተሥላሴ ሆና ተነሣች፣ ቆቧን አስተካከለች፣ ወደ እኔ ቀረብ ብላም ነገሩ ለመቼ ተቀጠረ አለችኝ።

ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሙት ሆና ተሟገተች፣ ከሕያዋን ይልቅ በርትታ፣ በሕይወት ሳለች ወገቧን ትታመም ነበር፣ ከሞተች ወዲህ የጓሳን ደጋ በእግሯ አቋርጣ ትሄዳለች፣ ይህ እንዴት ይሆናል። ባለፈው ጥቅምት ግን የነገሩን ወረቀት በመቀነት አስራ አመጣችልኝ፣ ውሰደው አለችኝ፣ ምነው እማሆይ፣ አቃተዎት እንዴ፣ በአፌ እርስዎ እላታለሁ፣ ለቆቡ ስል፣ በልቤ አሁንም አንቺ ናት፣ አይ አለች፣ አባታችን ሆይ ስል መሀል ላይ ወዳጆ እየገባ ያበላሽብኛል፣ የዕለት እንጀራችንን ከማለቴ በሬውን ጠምዶ ይመጣል፣ ታዲያ ተዉት ማለት ነው፣ ተውኩት አለች፣ ለእኔ ነው ወይ የተዉት፣ ሌላ ማን አለኝ። ሰው የተወውን ነገር ልጁ እጅ ላይ ቢያስቀምጥ ተወው ይባላል ወይ፣ ሦስት ወር መረመርኩት፣ ፊቷ ግን ፈክቷል፣ ይህን አይቻለሁ።

የማውቀውን ልቁጠር። ሰባት ዓመቴ ነበር፣ ጉም ነበር፣ የራስን እጅ የማያሳይ ጉም፣ አባቴ ድንጋዩን በትከሻው እየገፋ ቁልቁል ያንከባልላል፣ ከዚያ አቆመው፣ ጆሮዬን ቆንጥጦ ይኸው ድንበራችን፣ እንዳትረሳ አለኝ፣ አልረሳሁም፣ ጆሮዬ አሁንም ያስታውሳል፣ ግን እየመለሰው ነበር ወይስ እየወሰደው፣ የወዳጆ አባት ቀደም ብሎ ገፍቶት ይሆን፣ አባቴን እንዳልጠይቅ እሱ ሌላውን ሞት ነው የሞተው፣ የማይነሡበትን።

መምህር፣ እጅህን፣ ይላሉ ቄሱ። የምምልበት ወንጌል ራሱ አትማሉ ይላል፣ ቄሱ ለሕዝቡ ያነቡታል፣ ሕዝቡ ይሰማል፣ ከዚያ ተሰልፎ ይምልበታል፣ ይህን የሚጠይቅ የለም። እናቴ ቅጥሩ ሥር ተቀምጣ መቁጠሪያዋን ትቆጥራለች፣ ጠጋ እላለሁ፣ እማሆይ፣ ልማል፣ ዓይኗን አታነሣም፣ ሙት ትጠይቃለህ እንዴ ትለኛለች፣ ምክር እኮ ነው የጠየቅሁት፣ በሕይወት ሳለሁ ብትጠይቀኝ ማል እልህ ነበር፣ አሁንስ፣ አሁንማ ሕዝቡን ብርድ ላይ አታቁም።

እመለሳለሁ። እጄ ግማሽ መንገድ ሄዷል፣ መሬቱን እፈልገዋለሁ፣ ይህን አልክድም፣ ደመወዝ አለኝ፣ ሞፈር ይዤ አላውቅም፣ ግን እፈልገዋለሁ፣ እናቴም ተውኩት ከማለቷ በፊት እንዲሁ ትፈልገው ነበር፣ ምናልባት አሁንም፣ ምናልባት መተው ፍላጎቱ እስኪጠፋ መጠበቅ አይደለም፣ ምዬ ብወስደው እውነቱን አላውቅም፣ ትቼው ብሄድም አላውቅም፣ ልዩነቱ፣ ከማልኩ ዕድሜዬን ሙሉ አውቃለሁ ማለት ያለብኝ መሆኑ ነው።

አላውቅም። ምን አልክ፣ አቶ ፈንታ ናቸው። አባቴ ድንጋዩን ሲያንከባልል አይቻለሁ፣ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ አልምልም። እጄን ወደ ጋቢዬ እመልሳለሁ፣ ይሞቃል፣ የጠበቅሁት ጸጸት ነበር፣ የመጣው ረኃብ ነው፣ እንዴት ያለ ነገር ነው፣ ከኋላዬ አንዱ ፊደል የቆጠረ እንዲህ ነው፣ አሥራ አንድ ዓመት አድክሞን ይላል፣ ሌላው ዝም በል ደብር ውስጥ ነን ይለዋል።

ወዳጆ ይመጣል፣ ደስ ያለው አይመስልም፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ስማ አንተ፣ አባትህ ወደ ቦታው እየመለሰው ቢሆንስ፣ እኔ እንጃ ጋሼ ወዳጆ፣ እንጃ ማለት ምንድን ነው፣ መሬቱ የእኔ ሊሆን ነው እኮ፣ አዎ፣ የእርስዎ ነው፣ ያየኸው አንተ ብቻ ነህ፣ አዎ፣ እና እንዲህ ብለህ ጥለኸኝ ልትሄድ፣ አዎ ጋሼ። ጋቢውን መልሶ ያደገድጋል፣ የቆመው ፊቱን ወደ ዳኛው ሳይሆን ወደ ቤተ መቅደሱ አዙሮ ነው፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የተሟገትነውን ሰው ዛሬ ገና ያየሁት ይመስለኛል።

ለወዳጆ ተፈረደ። የበልጉ ዝናብ መጥቶ ሄደ፣ ወዳጆ መሬቱን አላረሰውም።