ለዳገት የተሠራች ፒክአፕ

በዚህ ከተማ ከሚሄዱት መኪኖች እኩሌታው የሚሄደው በእኔ እጅ ተጠግኖ ነው፤ ሌላው እኩሌታ እኔ እጅ ላይ እንዳይወድቅ ፈርቶ ነው። ሰፈሩ «አባ እጥፍ» ይለኛል። አንዷን ሁለት፣ ሁለቷን አራት አድርጎ ያወራል ለማለት ነው። ቅናት ነው። ልጄ ግን በሌላ መንገድ ነበር የምትይዘኝ። ወሬ ስጀምር ማንኪያዋን ታስቀምጥና «አባዬ፣ ለስንት ላካፍለው?» ትለኛለች። «ለሁለት ይበቃል» እላለሁ። «ለአራት» ትላለች። ተከራክረን ለሦስት እንስማማለን። እናቷ ከሞተች ወዲህ በቤታችን የሚሰማው ሳቅ ከዚህ ድርድር የሚወጣ ነበር።

ልጄ የከብት ሐኪም ናት። ከወንዙ ማዶ፣ ተራራው ወገብ ላይ ያለው የከብት ሕክምና ጣቢያ ሐኪም ይፈልጋል ተባለ። መንገዱ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አለት ነው። መሥሪያ ቤቷ የሚሰጠው መኪና ስለሌለ፣ ያንን ዳገት የሚወጣ የራሱ መኪና ያለው ሰው ብቻ ነው የሚመደበው። እሷ ያለቻት አሮጌ የናፍጣ ፒክአፕ ናት። ማርሿ በእጅ፣ ግፊቷ በኋላ እግሯ ብቻ። ጭቃ ስታይ እንደ በቅሎ ትገግማለች።

ምሳ ላይ ነበር ያነሳችው። «አባዬ፣ ይቺን ፒክአፕ ፎር ዊል ማድረግ ይቻላል?»

«ይቻላል ወይ ትያለሽ? እኔ እኮ የስፌት መኪና ብትሰጪኝ አራት ጎማ አብጅቼላት ጣሪያ ላይ አወጣታለሁ።»

«ለስንት ላካፍለው?»

«ይሄኛውን እንዳታካፍይው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሏል ይሄ ነው። ልጅቷ የጠየቀችኝ «ልሂድ ወይ?» ብላ ነበር፤ እኔ ደረቴን ነፍቼ «ሂጂ» አልኳት። የገባኝ ሳህኖቹን እያጠበች ማንጎራጎር ስትጀምር ነው። ከዚያ ወዲያ «አልችልም» ልበል? ዕድሜዬን ሙሉ ከአፌ ወጥቶ የማያውቅ ቃል ከየት ይመጣል?

ሥራውን ከጢሶ ጋር ጀመርነው። ጢሶ ግድግዳ የሚጋራኝ በያጅ ነው፤ ቅንድቡ ከተቃጠለ ቆይቷል፣ ምላሱ ግን ደህና ነው። በእሳት ከተበላ የናፍጣ ፎር ዊል ማርሽ የሚቀይረውን ካምቢዮ አወጣን፤ ኃይሉን ለፊትም ለኋላም ከሚያከፋፍለው ሳጥን ጋር። የዘንጉን ዙር በጥርሶቹ ወደ ጎማ የሚያደርሰውን የፊት ዲፈረንሻል ደግሞ ከተገለበጠ የቤንዚን ፒክአፕ ወሰድን። ጢሶ ሻንሲው ላይ ዲፈረንሻሉን የሚሸከመውን የባሌስትራ መያዣ በየደ። አዲሱ ካምቢዮ ስለሚረዝም ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ ቆርጠን አሳጠርን፤ ለፊቱ ሌላ ዘንግ ገጠምን። ካምቢዮውን ደረቴ ላይ አስተኝቼ ብቻዬን ነው ያነሳሁት። በእግር በኩል ጢሶ ይዞ ነበር፤ ግን በእግር በኩል ቀላል ነው።

ፍሪሲዮኑ ከገባ በኋላ እጄ ከበደ። ብሎን ማጠብ አበዛሁ። ማንም የማያየውን ብረት ቀለም ቀባሁ፤ ሳይደርቅ ፍቄ እንደገና ቀባሁ።

«ይሄን ዳዶ ትናንትም ስታጥበው ነበር» አለ ጢሶ።

«ንጽሕና ነው።»

«ልታገባው ነው እንዴ?»

«አንተ ብየዳህን በየድ።»

«ልጃችን እንዳትሄድ እየጎተትክ እንደሆነ አጥቼው መሰለህ?»

«እኔ? በገዛ እጄ ክንፍ የምሠራላት እኔ?»

«እሱማ ነው ዳዶ የሚያሳጥብህ» አለና የብየዳ መነጽሩን ፊቱ ላይ መለሰ።

ሁሉም ተገጥሞ ሲያበቃ መኪናዋን በክሪክ አንስቼ ጎማዎቿን ከመሬት አላቀቅኳቸው። ጢሶ ብረት ሊገዛ ወጥቶ ነበር። በእኛ ሙያ ሳይቆጥር የሚዘጋ ሰው መካኒክ አይባልም፤ ስለዚህ ዘንጎቹ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረግኩ። የኋላ ጎማውን አንድ ዙር አዞርኩና ዘንጉ ስንት እንደሚዞር ቆጠርኩ። ወደ ፊት ሄጄ እንደዚያው አደረግኩ። የፊቱ በለጠ። ደግሜ ቆጠርኩ፤ አሁንም በለጠ። የቤንዚኑ ዲፈረንሻል ጥርሱ ከናፍጣዋ ጥርስ አይስማማም። አራቱም ጎማ በአንድ ላይ ሲጎትት የፊቱ አንድ ይላል፣ የኋላው ሌላ ይላል። ጭቃ ላይ ጎማ ስለሚንሸራተት ጠቡ ይበርዳል። ደረቅ አለት ላይ ግን የሚሸሹበት ስለሌላቸው እንደ ተቀያየሙ ባልና ሚስት ሲጓተቱ ውለው አንድ ነገር ይሰበራል።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ከተማ ውስጥ በኋላ ጎማ ብቻ ስትነዳ ምንም አይታይም። ትሄዳለች፤ ይሰበራል፤ ትመለሳለች። እዚያ ሌላ ሐኪም ይመደባል። እሷ ምሳ ሰዓት በሩን በትከሻዋ ገፍታ ትገባና «ዛሬ ደግሞ ምን ጉድ ሠራህ?» ትለኛለች።

የጠመኔውን ምልክት በእጅጌዬ ጠረግኩት። ጢሶ ሲመለስ «አለቀች» አልኩት።

ከሰዓት በኋላ ልጄ ከሥራ መጣች። ገና ሰላም ሳትለኝ ካፖርቷን አውልቃ ከመኪናው ሥር ገባች። ከውጭ የሚታየኝ ጫማዋ ብቻ ነበር። የስድስት ዓመት ልጅ ሆናም እንደዚሁ ነበረች፤ እናቷ እግሯን ይዛ ጎትታ ነበር የምታወጣት።

«ጋሼ ጢሶ፣ ይሄ ብየዳ የአንተ ነው?» አለች ከሥር።

«የእኔ ነው። የአባትሽ ሥራ አጠባ ነው።»

ሳቀች። ከዚያ እዚያው እንደተኛች መንገዱን ትነግረኝ ጀመር። «ከድልድዩ በላይ አንድ መታጠፊያ አለ አባዬ። ደረቅ አለት ነው፤ በአንድ በኩል ገደል። አራቱንም ጎማ የማስገባው እዚያ ላይ ነው።»

«ብቻሽን?»

«ከክትባቱ ሳጥን ጋር።»

«እና እዚያ ላይ አንድ ነገር ብትሆንስ?»

ብቅ አለች። ጉንጯ ላይ ግሪስ ነበር። «አንተ የሠራሃት?» አለችኝ።

ማካፈሏን ጠበቅኩ። ለሁለትም ቢሆን፣ ለአራትም ቢሆን እስማማ ነበር።

«አንተ የሠራሃት ምን ሆና ትሰበራለች?» አለችና እጇን ልትታጠብ ሄደች።

አንድም ነገር አልቀነሰችልኝም። ሰው ሁሉ ግማሹን ጥሎ የሚሰማኝ ሰውዬ፣ በሕይወቴ አንዴ ሙሉውን የሚያምነኝ ሰው ያገኘሁት በዋሸሁበት ቀን ሆነ። 

«አንዲት ብሎን ትቀራለች» አልኩ ጮክ ብዬ። «የመኪናዋን ቁልፍ እዚያው ተዪው።»

ጢሶ አየኝ። ልጄ ከሄደች በኋላ መኪናዋን እንደገና በክሪክ አነሳን። ከዚያው ከተገለበጠው ፒክአፕ የኋላውንም ዲፈረንሻል አምጥቼ የእሷን አወጣሁ። ፊትና ኋላ ከአንድ መኪና ሲሆኑ አይጣሉም። ጠመኔውን ይዤ አብረን ቆጠርን፤ ተስማሙ።

«ቅድም አልቆጠርክም ነበር?» አለኝ ጢሶ።

«ቆጥሬ ነበር።»

ሌላ ሰው ቢሆን ሰፈሩን ያዳርስበት ነበር። ጢሶ ግን የሚቀጥለውን መፍቻ አቀበለኝ።

በዚህ ለውጥ መኪናዋ ሜዳ ላይ ትንሽ ፍጥነት አጣች፤ ዳገት ላይ ግን ጉልበት ጨመረች። ላስቀራት አስቤ የጀመርኩት ነገር ይበልጥ እንድትወጣ አድርጓት አረፈ።

ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ድንጋይ ማውጫ ዳገት ላይ ሞከርናት። ልጄ ነዳች፣ እኔ ጎኗ ተቀመጥኩ። ወርዳ የፊት ጎማዎቹን ከዘንጋቸው ጋር የሚያያይዘውን መቆለፊያ በእጇ አዞረች፣ ተመልሳ ትንሿን ማርሽ ሳበች፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጋ ለቀቀች። ፒክአፗ ሳትንገራገጭ፣ ድንጋዩን እየቆረጠመች ጫፍ ደረሰች። እንደዚህ ያለ ሥራ በእኔ ዘመን አልታየም። ይህን ማካፈል የፈለገ ያካፍል።

ሞተሩን አጠፋች። «ምነው ዝም አልክ?»

«እያዳመጥኳት ነው።»

መሪውን እንደያዘች ወደ እኔ ዞረች። «አብረኸኝ ና አባዬ። እዚያም መኪና አለ፤ የወፍጮ ሞተርም ይበላሻል።»

«እኔ ከዚህ ከሄድኩ ይሄ ከተማ በእግሩ ሊሄድ ነው» አልኳት።

ድጋሚ ብትለኝ እሺ እላት ነበር። እሷ ግን ይህንንም ሳታካፍል ተቀበለችኝ። «እሱስ ልክ ነህ» አለችና መኪናውን አዞረች።

የሄደች ዕለት ጎማውን ነፋሁ፣ ዘይቱን አየሁ፣ መልሼ አየሁ። «ደረቅ ሜዳ ላይ አራቱን እንዳታስገቢ» አልኳት። «ነግረኸኛል።» «መቆለፊያውን ሁለቱንም አዙሪ፤ አንዱን ብቻ እንዳትረሺ።» «እሺ የኔ ጌታ» ብላ አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ። ፍራሿ፣ ሁለት ወንበሯ፣ የእናቷ ትልቁ ድስት ከኋላ ታስሮ ነበር። በመንገዱ ጫፍ ታጥፋ እስክትጠፋ ድረስ ጢሶ ብየዳውን አላበራም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ደወለች።

«ደረስኩ። መታጠፊያውን ወጥቼው ነው ያደርኩት።»

«መኪናዋ እንዴት ናት?»

«ጎበዝ ናት።»

«ድምፅ የላትም?»

«የላትም።»

«ከፊት በኩል፣ ስትጠመዝዢያት፣ ትንሽ ቋ የሚል ነገር?»

«ምንም የለም አባዬ።»

«መሪውስ? አይንቀጠቀጥም?»

«አይንቀጠቀጥም።»

«በደንብ አዳምጫት እስቲ። ድምፅ ካላት አምጫትና ልያት።»

ከኋላዋ ላም ስትጮህ ሰማሁ፤ አንድ ሰውም «ዶክተር» ብሎ ተጣራ።

«ድምፅ ብታሰማኝማ ላመጣልህ ደስታዬ ነበር» አለችኝ ቀስ ብላ። «ግን ምንም የላትም።»

«ጎሽ» አልኳት። «በይ ሂጂ፣ ሰው እየጠራሽ ነው።»