ሰባት ጊዜ ተከልክሏል

ኮምፒውተር ዋሸኝ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ደሜ ይፈላል። ኮምፒውተር አይዋሽም፤ አይችልበትም። የሚዋሸው አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ነው። በእኛ ቢሮ ያ ሰው እኔ ነኝ።

የምሠራው የቤት ፕላን የሚያጸድቅ ቢሮ ውስጥ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የኮምፒውተር ባለሙያ። ፕላኖቹ በሙሉ የተቀመጡት አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ውስጥ ነው፤ ሰርቨር እንለዋለን። ሠራተኛው ጠረጴዛው ላይ ባለው ኮምፒውተር በሪሞት ወደ ሰርቨሩ ይገባል፣ ሥራውን እዚያው ሠርቶ ይወጣል። ለመግባት ግን ላይሰንስ፣ ማለትም የመግቢያ ፈቃድ፣ ያስፈልጋል። ላይሰንሱ ደግሞ የሚሰጠው ለሰው ሳይሆን ለዕቃ ነው፤ እያንዳንዱ ኮምፒውተር በስሙ አንድ ይይዛል። ያሉን አሥራ ሁለት ናቸው። አሥራ ሦስተኛው ከመጣ ሰርቨሩ “ላይሰንስ የለም” ብሎ ይመልሰዋል። ማን ነህ፣ ምን ቸገረህ ብሎ ነገር የለም።

ከአሥራ ሁለቱ ሁለቱ የሥራ አስኪያጁ ናቸው። በሌለበት “ሁለቴ” ነው የምንለው፤ ሁለት ስልክ፣ ሁለት መነጽር፣ ሁለት ጃንጥላ ያለው ሰው ነው። አንዱ ላይሰንስ ጠረጴዛው ላይ ላለው ኮምፒውተር ነው፣ ሌላው ኳስ ለሚያይበት ታብሌት። በታብሌቱ አንድ ፕላን እንኳ ከፍቶ አያውቅም። “ለማንኛውም ይኑረኝ” አለኝ፣ ሰጠሁት።

ችግሩ የጀመረው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። በዋዜማው የእታለምን ጠረጴዛ አጽድቼ ኮምፒውተሯን ለአዲሷ ጸሐፊ ሰጥቼ ነበር። እታለም ታላቅ እህቴ ናት። የመዝገብ ክፍሉ ኃላፊ ነበረች፤ እኔንም እዚህ ቢሮ ያስገባችኝ እሷ ናት። ከሞተች ሁለት ወር አልፏል። አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስትገባ፣ የቢሯችን ደረጃ ላይ፣ ሁለተኛው ፎቅ ስትደርስ ደረቷን ይዛ ቁጭ አለች። በዚያው ቀረች።

ማክሰኞ ሁለት ሰዓት ከአሥራ ስምንት ላይ ሠራተኛው በሙሉ ከሰርቨሩ ተባረረ።

“ኧረ ምን ጉድ ነው! የጻፍኩት ሁሉ ጠፋ እኮ!”

“የእኔም ወጣ! ምን ነካው?”

ኬብሉን ነቅዬ ሰካሁ። የኔትወርክ ዕቃዎቹን አጥፍቼ አበራሁ። ሰርቨሩ ራሱ እንዳለ ነው፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ሰው ግን አያስገባም። ልክ ሁለት ከአርባ ሲል ራሱ ተመለሰ። “አስተካከልኩት” አልኳቸው። አመሰገኑኝ። ረቡዕም በዚያው ደቂቃ ጠፍቶ በዚያው ደቂቃ ተመለሰ። ሐሙስም ዓርብም እንደዚያው። በሚቀጥለው ሰኞ ማንም አላመሰገነኝም።

ሁለቴ ቢሮው ጠራኝ።

“ስማ፣ በየቀኑ ሃያ ሁለት ደቂቃ ሥራ ፈተን የምንቀመጠው እስከ መቼ ነው? እስከዚህ ዓርብ ካላስተካከልከው ከውጭ ባለሙያ አመጣለሁ። ሰርቨሩን አጥቦ እንደ አዲስ ይጭነዋል።”

“እሺ ጋሼ፣ አየዋለሁ።”

አይቼው ነበር። ገና ረቡዕ ዕለት የሰርቨሩን የመግቢያ መዝገብ ከፍቻለሁ፤ ማን መጣ፣ ማን ገባ፣ ማን ተመለሰ የሚለውን ደቂቃ በደቂቃ የሚይዝ መዝገብ ነው። ሁለት ከአሥር ላይ አንድ ኮምፒውተር ሊገባ ሞክሯል፤ ላይሰንስ የለም፣ ተከልክሏል። ሁለት ከአሥራ አንድ፣ ተከልክሏል። ከአሥራ ሁለት፣ ከአሥራ ሦስት፣ ከአሥራ አምስት፣ ከአሥራ ስድስት፣ ከአሥራ ስምንት። ሰባት ጊዜ። ከሰባተኛው በኋላ ሰው ሁሉ ይባረራል። የኮምፒውተሩ ስም “እታለም-ቤት” ይላል። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ቤቷ የነበረው ላፕቶፕ ነው።

እነዚያን ሰባት መስመሮች ከዚያ በፊትም አንድ ጊዜ አይቻቸዋለሁ፤ በሞተችበት ቀን። ደቂቃዎቹ አንድም አልተዛነፉም።

ለማንም ያልነገርኩትን እዚህ ልናገረው። በዚያን ዕለት ጠዋት ደውላልኝ ነበር።

“ወንድምዬ፣ ደረቴን ከበድ ብሎኛል። ዛሬ ከቤት ልሥራ መሰለኝ። አልገባልህ አለኝ፣ እስቲ አስገባኝ።”

“ሞልቷል እታለም፣ ላይሰንስ የለም። ነገ አያለሁ።”

“አንድ እንኳ አይገኝም?”

“የለም አልኩሽ እኮ! ሥራ ላይ ነኝ።”

ነበረ። የታብሌቱን ነጥቄ ለእሷ መስጠት እችል ነበር። ግን ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ሥራ አስኪያጁ በሆነ ነገር ሰው ፊት ጮኾብኝ ስለነበር ፈራሁት። ፍርሃት ብቻም አይደለም፤ በጠዋት ሲደወልልኝ ስለምበሳጭ ነው። ሰባት ጊዜ ሞከረች። ከዚያ ተነስታ ጫማዋን አደረገች። ከቤቷ እስከ ቢሮ በእግር ሃያ ሁለት ደቂቃ ነው።

ሰው ሲጠይቀኝ “ሰርቨሩ እምቢ ብሏት ነው የመጣችው” አልኩ። ሁሉም አመነኝ። ሰርቨር ምን ብሎ ይከራከረኛል።

ልጇ አሁን የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ድንቡሼ ነው የምንላት፤ ከዚያ ወዲህ ግን ድንቡሽቡሽነቷ ስሟ ላይ ብቻ ቀርቷል። የእናቷን ላፕቶፕ ቁምሳጥን ውስጥ በእናቷ ሻርፕ ጠቅልላ አስቀምጣዋለች። ማታ ማታ ደብተሯን ስትዘጋ አንድ ጥያቄ ትጠይቀኛለች፤ ሁልጊዜ በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ቃል።

“አጎቴ፣ የእማዬ ኮምፒውተር ያን ቀን ለምን አልገባም?”

“ሰርቨሩ እምቢ ብሎ ነው።”

“እሺ።”

እሺ ብላ ትተኛለች። ያቺ እሺ ከሁለቴ ጩኸት ይልቅ ታስፈራኝ ነበር።

እና መጀመሪያ የጠረጠርኩት እሷን ነው። ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት እየከፈተች ትሞክር ይሆናላ። ማክሰኞ አሞኛል ብዬ ከሥራ ቀረሁ። ድንቡሼ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ወጣች። ላፕቶፑን ከሻርፑ አውጥቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ለአዲሷ ጸሐፊ ደወልኩና የመግቢያ መዝገቡን ከፍታ እንድታነብልኝ ነገርኳት።

“ሁለት ከአሥር... እታለም-ቤት ይላል ጋሼ። ተከልክሏል። ይኸው ደግሞ መጣ። ተከልክሏል። ማነው ይኼ?”

“ዝም ብለሽ አንብቢ።”

ስልኩን በትከሻዬ ደግፌ ላፕቶፑን በሁለት እጄ ጥብቅ አድርጌ ይዤዋለሁ። አልተነቃነቀም፣ አልሞቀም። እሷ ግን እያነበበችልኝ ነው። ሰባተኛውን ስትጨርስ ከጀርባዋ የቢሮው ሰው ሁሉ አንድ ላይ ሲያጉረመርም ሰማሁ።

ረቡዕ ላፕቶፑን ቢሮ ወሰድኩት። ባትሪውን አወጣሁ፣ ውስጡን ፈትቼ ዲስኩን ነቀልኩ፣ ቀፎውን መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩበት። ሐሙስ ጠዋት ሁለት ከአሥር ላይ እታለም-ቤት መጣ፤ ተከለከለ።

በዚያው ጠዋት የጽዳት ሠራተኛዋ በሬ ላይ ቆመች። ከሁላችንም በፊት የምትገባ፣ ብዙ ወሬ የማትወድ ትልቅ ሴት ናት።

“ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፤ እንዳትስቅብኝ።”

“ኧረ ምን በወጣኝ፣ ይንገሩኝ እትዬ።”

“ሰሞኑን ሁለት ከአርባ ሊል ሲል ሴት ደረጃውን ትወጣለች። ጫማዋ ይሰማኛል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቀጥ ይላል። ባልዲዬን ይዤ ብወርድ ሰው የለም። የማን እርምጃ እንደሆነ አልነግርህም። አንተም ታውቀዋለህ።”

ሰዓቴን አየሁ። ሁለት ከሠላሳ ስድስት። ወርጄ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆምኩ። ከታች ጀመረ፤ ቀስ ያለ፣ ዝቅተኛ ተረከዝ ያለው የሴት ጫማ። በየአምስት ደረጃው ያርፋል። ትንፋሹም ተሰማኝ፤ እታለም ሲደክማት በአፏ ትተነፍስ እንደነበረው ነው። ማጠፊያው ጋ ሲደርስ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ፈሪ ነኝ፣ አልደብቅም። አጠገቤ ደርሶ ቆመ። ስከፍት ማንም የለም። የደረጃውን መደገፊያ ብነካው ሰው ይዞት እንደቆየ ሞቋል። ከላይ “ተመለሰ! ተመለሰ!” ሲሉ ሰማሁ።

ሁለት መንገድ ነበረኝ፤ ዝም ማለት፣ ወይም ያን ቀን የከለከልኳትን መስጠት። ነገ ዓርብ ነው፤ ዝም ብል ባለሙያው መጥቶ ሰርቨሩን ያጥበዋል። መዝገቡም፣ ሰባቱ መስመሮችም፣ ውሸቴም አብረው ይታጠባሉ፤ ድንቡሼ ዕድሜዋን ሙሉ እሺ ትለኛለች። እህቴ ግን ያንን ደረጃ መውጣቷን ታቆማለች? እኔ እንጃ። እንቅልፍ ሳይወስደኝ ነጋ።

ዓርብ ሁለት ሰዓት ላይ ወንበሬ ላይ ነበርኩ። የላይሰንሶቹን ዝርዝር ከፈትኩ። የሁለቴን ታብሌት መረጥኩ። ንጠቅ የሚለውን ተጫንኩ፤ እርግጠኛ ነህ ሲለኝ አዎ አልኩ። በቃ። አርባ ሰከንድ አልሞላም። በሕይወቴ እንደዚያን ጊዜ ራሴን ጠልቼ አላውቅም፤ እህቴን የከለከልኳት አርባ ሰከንድ ነው።

ሁለት ከአሥር። እታለም-ቤት። ላይሰንስ ተሰጥቷል። ገብቷል።

እንደ ባለሙያ የሌላውን ሰው ስክሪን መመልከት እችላለሁ፤ ግን ሰርቨሩ መጀመሪያ ያንን ሰው “ስክሪንህን ይመልከት?” ብሎ ይጠይቃል። መሳቢያዬ ውስጥ ያለው ቀፎ አንጀቱ የወጣ ነው። ጥያቄውን ላክሁ። ትንሽ ቆየ። “ይሁን” የሚል መልስ መጣ።

ስክሪኗ ተከፈተ። ቀስቱ ይንቀሳቀሳል። የደብዳቤ መጻፊያው ተከፈተና ፊደሎቹ አንድ በአንድ መምጣት ጀመሩ። እታለም የምትጽፈው በሁለት ጣት ነበር፤ ደረቴ የሚለውን ስትጽፍ ተሳሳተች፣ አጠፋች፣ እንደገና ጻፈች።

“ዛሬ ደረቴን ስላመመኝ ከቤት ሆኜ እሠራለሁ። የሚፈልገኝ ሰው ካለ አለሁ።”

ለሁሉም ላከችው። ከዚያም በሕይወቷ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች፤ ሁልጊዜ እንዲሁ ክዳኑን ከድና የምትሄድ ሴት፣ ውጣ የሚለውን ተጭና በሥርዓቱ ወጣች።

ሁለት ከአሥራ ስምንት አለፈ። ማንም አልተባረረም፤ ግን ማንም አይሠራም። ሁሉም ስክሪኑ ላይ የመጣውን ደብዳቤ እያየ ደርቆ ቀርቷል። አዲሷ ጸሐፊ የወንበሯ ጫፍ ላይ ሆና ኪቦርዱ እንዳይነካት እጇን ሰብስባለች። ሁለቴ አንዱን መነጽር ዓይኑ ላይ፣ ሌላውን ግንባሩ ላይ አድርጎ ከቢሮው ወጣ።

“የማን ቀልድ ነው ይኼ?”

ተነሳሁ። “ቀልድ አይደለም። ያን ቀን ጠዋት ደውላልኝ ነበር። አሞኛል፣ ከቤት አስገባኝ አለችኝ። ላይሰንስ የለም አልኳት። የእርስዎ ታብሌት ላይ ግን አንድ ሥራ የፈታ ነበር።”

ሥራ አስኪያጁ ተመልሶ ገባና በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋ። ስለ ታብሌቱ እስከ ዛሬ ጠይቆኝ አያውቅም።

ሁለት ከአርባ ላይ የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን ይዛ ደረጃው አናት ላይ ቆማ ነበር። ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል መጣች።

“ዛሬ አልመጣችም” አለችኝ። “እንኳን አልመጣች።”

ከሰዓት ፈቃድ ጠይቄ ወጣሁ። ላፕቶፑን መልሼ ገጥሜ ከነሻርፑ በፌስታል ይዤዋለሁ። ድንቡሼ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቤት፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ጠበቅኋት። ቦርሳዋን ሳታወርድ ቆማ አየችው። እስከ ማታ አላቆየችኝም።

“አጎቴ፣ የእማዬ ኮምፒውተር ያን ቀን ለምን አልገባም?”

“እኔ ነኝ የከለከልኳት። መስጠት እችል ነበር። ሰርቨሩ አይደለም፤ እኔ ነኝ።”

ትጮኻለች፣ ትሄዳለች፣ ከእንግዲህ አታናግረኝም ብዬ ጠበቅሁ። ቦርሳዋን አወረደች፣ ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

“አውቃለሁ” አለች። “እማዬ በሁለት እጇ ኮምፒውተሩን እየሞከረች ስለነበር ስልኩን በድምፅ ማጉያ ነው ያወራችህ። አጠገቧ ነበርኩ።”

ሁለት ወር ሙሉ። በየማታው።

“እስክትነግረኝ እየጠበቅኩህ ነበር” አለችኝ። ከዚያ ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበችና በእናቷ ሻርፕ መልሳ መጠቅለል ጀመረች። “ስልኩን ከዘጋች በኋላ ያለችውን ልንገርህ?”

አትንገሪኝ ልላት ነበር። “ንገሪኝ” አልኳት።

“‘አትቀየሚው፣ ሥራ በዝቶበት ነው’ አለችኝና ወጣች።”