በቀብር መኪና የመጣ እንግዳ

በወረዳችን ሰፊና ንጹሕ መኪና ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የቀብር አስፈጻሚው ነው።

ስለዚህ በቺካጎ የእንጨት በር የሚሠራው ሚስተር ብራንት አዲስ ፋብሪካ የሚተክልበትን ቦታ ሊያይ እኛ ጋ፣ አላባማ፣ ሲመጣ የወረዳው አስተዳዳሪ ሚስተር ጎዊንስ ረጅሙን ጥቁር መኪና ተዋሰ።

"አስከሬን የሚጫንበት አይደለም፤ ሐዘንተኞች የሚቀመጡበት ነው" አለኝ ፊቴን አይቶ። ራሴን ነቀነቅኩ። የማስበውን መናገር ልማዴ አይደለም።

የወረዳው የልማት ቢሮ ማለት አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበርና እኔ ነን። ኢኮኖሚክስ ተምሬ ስመለስ ያዘጋጀሁት ብሮሸር እዚህ ቤትም መሬትም ርካሽ እንደሆነ በሚያምር ፎቶ ያስረዳል። ለምን እንደረከሰ አይናገርም። ሥራ የለም፤ ወንድሜ እንኳ ሥራ ቦታው ለመድረስ በየቀኑ አንድ ሰዓት ተኩል ይነዳል። ሚስተር ብራንት እምቢ ካለ ቢሮው በወሩ መጨረሻ ይዘጋል፤ እኔም ሻንጣዬን ይዤ ሥራ ፍለጋ ወደ በርሚንግሃም ከተማ ነው።

ጠዋቱ ጭጋግ ነበር። ጥቁሩ መኪና ሚስተር ብራንትን፣ ሚስተር ጎዊንስንና እኔን ይዞ ከፊት፣ አራት የምክር ቤት አባላት በየፒክአፓቸው ከኋላ፣ መብራት አብርተን ተከታትለን ወጣን። ጭጋጉ ሲገፈፍ መብራቱን ማጥፋት ለማንም ትዝ አላለውም።

መጀመሪያ ግንድ የጫነ መኪና ዳር ይዞ ቆመ። ቀጥሎ የተማሪዎች አውቶቡስ። ሣር ያጭድ የነበረ ሰውዬ ማጨጃውን አጥፍቶ ኮፍያውን ደረቱ ላይ አደረገ። እኛ ጋ በቀን መብራት አብርቶ የሚሄድ የመኪና ሰልፍ የቀብር ነው፤ ሲያልፍ እንዲህ ነው የምናደርገው፤ የሞተውን ማወቅ አያስፈልግም።

"ይሄ ሁሉ ለእኔ ነው?" አለ ሚስተር ብራንት።

"ሕዝባችን እንግዳ አክባሪ ነው" አለ ሚስተር ጎዊንስ፣ ሳያፍር። እኔ ጉልበቴን ማየት ጀመርኩ።

የምሳው አዳራሽ ገብተን ገና ሳንቀመጥ፣ ለሐዘንተኛ ምግብ በማድረስ ማንም የማይቀድማቸው አዛውንት ሚስ ቨርሊን ደረሱ። ጥቁር ባርኔጣቸውን አድርገው ትኩስ ዶሮ በሩዝ በመስታወት ሳህን ይዘዋል። ከኋላቸው ኬክና አስኳሉ ተቀምሞ የተሞላ ቅቅል እንቁላል የያዙ ሴቶች ተከተሉ። ሚስ ቨርሊን ሳህኑን አስቀምጠው የሚስተር ብራንትን እጅ ጨበጡ።

"አይዞህ፣ ማሬ። አሁን ከሕመም አርፏል።"

"ማን?"

"እሱን ማን ነገረኝ! ሰባ ዓመት እዚህ ስኖር ሰው ሞቶ ሳልሰማ ስቀር የዛሬው መጀመሪያዬ ነው። ማን ነው የሞተው?"

"ሚስ ቨርሊን፣ ነገሩ እንግዲህ..." አለ ሚስተር ጎዊንስ።

"አንተን አልጠየቅኩም ሌስተር። አንተ ሰንበት ትምህርት ቤትም ትዋሽ ነበር። ዊላ፣ አንቺ ንገሪኝ።"

አዳራሹ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ሻንጣዬ ታየኝ።

"ማንም አልሞተም" አልኩ። "መኪናው የቀብር አስፈጻሚው ነው። ሌላ ንጹሕ መኪና ስላልነበረን ነው።"

"ታዲያ መንገድ ላይ የቆሙት ሰዎች?" አለ ሚስተር ብራንት።

"እርስዎ... ሬሳ መስለዋቸው ነው።"

ሚስ ቨርሊን ወንበር ሳቡለት። "በሕይወት ካለህማ ቁጭ በልና ብላ!"

ቁጭ ብሎ በላ። ሁለተኛ ተጨመረለት። ከዚያ ሹካውን አስቀምጦ፣ "አባቴን ስንቀብር" አለ፣ "አንድ ሰውዬ መንገድ ዘጋችሁብኝ ብሎ ጥሩንባ እየነፋ መሃላችን ገባ። እዚህ ለማያውቁት ሰው ይቆማሉ። ሥራ የላቸውም እንዴ?"

"ግማሾቹ የላቸውም" አልኩ። "የቀሩት ዛሬ አርፍደው ገብተዋል።"

ሳቀ። ግን ሲሄድ ያለው "አስብበታለሁ" ብቻ ነው። ሚስ ቨርሊን የተረፈውን ዶሮ ከነሳህኑ ሸፍነው አስታቀፉት። ከሥሩ ስማቸው በፕላስተር ተለጥፏል።

"ሳህኔን እንዳትረሳ።"

"በፖስታ እልክልዎታለሁ።"

"በፖስታ? ማሬ፣ ሳህን በእጅ ነው የሚመለሰው፤ ያውም ባዶውን አይደለም። ብትሞት ዘመዶችህ ይመልሱልህ ነበር። አሁን ግን ሰበብ የለህም።"

ሁለት ሳምንት ሙሉ ስልኩ አልጮኸም። ወሩ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ብሮሸሮቼን ካርቶን ውስጥ እየከተትኩ ሳለ በሩ ተከፈተ። ሚስተር ብራንት ነው፤ የመስታወቱን ሳህን ታቅፏል። ውስጡ ጠርዙ ያረረ፣ መሃሉ የሰመጠ ኬክ አለ። ከኋላው አንድ ሰው ሜትር ይዞ ቆሟል።

"እሱ መሬቱን ይለካ፤ ግንባታው በዚህ ዓመት ይጀመራል" አለ። "እኔን መጀመሪያ ሚስ ቨርሊን ጋ ውሰጂኝ። ኬኩን ራሴ ነው የጋገርኩት።"

"ያስታውቃል" አልኩ። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም።

ካርቶኑን ትቼ የቢሮውን ቁልፍ አነሳሁ። የተከራያት ትንሽ ቀይ መኪና ዘንድ ስንደርስ ቆም አለ።

"ዛሬ ግን" አለ ቅር እያለው፣ "ማንም አልቆመልኝም።"

"መብራት አላበሩማ" አልኩት።