አንደኛ ምርጫ

ለሚመለከተው ሁሉ! ታፔላ ጸሐፊው በሠላሳ ዓመት የሥራ ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ብሩሹን አስቀምጦ አንድ ጥቁር እስክሪብቶ መግዛቱ በታላቅ አክብሮት ይገለጻል። ሱቅ በራፍ ላይ ቆሞ ሦስት ሞከረ፤ ሁለቱን «እነዚህ ጉንፋን ይዟቸዋል» ብሎ መለሰና ሦስተኛውን በደረት ኪሱ ሻጥ አድርጎ ወደ ቤቱ አቀና።

መንገድ ላይ ፀጉር አስተካካዩ፣ መቀሱን እንደያዘ፣ ከበሩ ብቅ አለ።

«አንተ ማስመሪያ! ልጅህ ጎረቤት አገር ልትማር ነው አሉ። እንግዲህ ከማን ጋር ልታወራ ነው? ከቀለም ጣሳ ጋር?»

«ጣሳው ካንተ ይሻላል፤ ክዳን አለው።»

«ከምሬ ነው፣ ወንድሜ።»

«ድንበር ላይ ያለውን ዩኒቨርሲቲ ነው የመረጠችው። በአውቶቡስ የአራት ሰዓት መንገድ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች» አለና እርምጃውን አፈጠነ። ይህችን ቅዳሜ ሳምንቱን ሙሉ ሲያኝካት ነው የሰነበተው።

እናቷ ካረፈች ወዲህ በሁለቱ ክፍሎች ውስጥ ያሉት እሱና ልጁ ብቻ ናቸው። ሁለት ብርጭቆ፣ ሁለት ሳህን፣ በር ላይ ሁለት ጥንድ ጫማ። እሷ ትምህርት ቤት ስትውል ሬዲዮኑን ይከፍታል፤ የሚያዳምጠው ነገር ኖሮ ሳይሆን ሰው ቤት ውስጥ ያለ እንዲመስለው ነው።

ዩኒቨርሲቲዎቹ ማመልከቻው በእጅ ተሞልቶ፣ ስርዝ ድልዝ ሳይኖረው፣ በፖስታ እንዲደርሳቸው ይፈልጋሉ። የላኩት ቅጽ አንድ ብቻ ነው። አንደኛው ምርጫ አመልካቹን ከተቀበለ ደግሞ ሌሎቹ ወዲያው ይሰረዛሉ። የልጅቷ የእጅ ጽሑፍ ዶሮ የጫረችው መሬት ስለሆነ፣ ምርጫዎቿን በደብተር ወረቀት ላይ በእርሳስ አርቅቃ፣ ቅጹ ላይ ፊርማዋን ብቻ አስቀምጣ ነበር በጠዋት ወደ ትምህርት ቤት የሮጠችው።

«አባዬ፣ ገልብጥልኝና ፖስታ ቤት አድርስልኝ። ከስድስት ሰዓት በፊት፣ እሺ? የመጨረሻው ቀን ዛሬ ነው።»

ለመገልበጥ ማን እንደ እሱ! የደንበኛ ቃል አይነካም፤ የሙያው ሕግ ይኸው ነው። አንድ ልብስ ሰፊ «በአንድ ቀን እናደርሳለን፣ ሦስት ቀን ይወስዳል» ብሎ ጽፎ ቢሰጠው፣ እንዳለ፣ በቀይ ቀለም፣ በትልቁ ጽፎ ሰቅሎለታል። ታፔላው እስከ ዛሬ አለ። ልብስ ሰፊውም እስከ ዛሬ አላደረሰም።

ጠረጴዛውን ጠረገ። ረቂቁን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ ማንበብ ጀመረ። አንደኛ ምርጫ፦ የድንበሩ ከተማ፣ ሥራ አመራር። ሁለተኛ፦ እዚያው አጠገብ ያለው፣ አሁንም ሥራ አመራር። ሦስተኛ፦ የባሕር ዳርቻው ዩኒቨርሲቲ፣ የባሕር ሳይንስ።

ይህ ሰው ዕድሜውን የፈጀው በአሮጌ ታፔላ ላይ አዲስ በመጻፍ ነው። የቱንም ያህል ቢቀቡት፣ የድሮው ፊደል ከሥር ብቅ ማለቱ እንደማይቀር ያውቃል። ወረቀቱን አዘንብሎ ብርሃን ሰጠው። በ«አንደኛ» ፊት፣ ላጲስ ባሻከረው ቦታ ላይ፣ የእርሳሱ ጠባሳ ተነበበለት፦ የባሕር ሳይንስ። ሁለቴ ተጽፏል፤ ሁለቴ ጠፍቷል።

ሰባት ዓመቷ ሳለ ለአንድ ዓሣ ነጋዴ ታፔላ ሲሠራ አጠገቡ ቆማ ነበር። ከዓሣው ሥር ሰማያዊ ማዕበል ሲስል «አባዬ፣ ባሕሩ የት ጋ ነው የሚያልቀው?» አለችው።

«ቆርቆሮው የሚያልቅበት ጋ።»

በመልሱ አልረካችም። ሦስት ቀን አኩርፋው ከረመች።

የባሕር ዳርቻው ሁለት ቀን ያስኬዳል፤ ከዚያም በጀልባ። ቅዳሜ የሚባል ነገር የለውም። ማታ እስክትመጣ ጠብቆ ቢጠይቃት ምን እንደምትለው ያውቃል፤ ዓይኗን ሰብራ «ሥራ አመራር እኮ ደስ ይለኛል» ነው የምትለው። እስከዚያ ደግሞ ፖስታ ቤቱ ይዘጋል።

በስሱ መስመር አሰመረ። የእስክሪብቶውን ጫፍ ወደ አንደኛ ምርጫው ባዶ ሳጥን አስጠግቶ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ጻፈ። በሕይወቱ እንደዚያ ያማረ ፊደል ጥሎ አያውቅም።

ከፖስታ ቤት ሲመለስ ፀጉር አስተካካዩ ጠበቀው። «እንዴት ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች አይደል?»

«ትመጣለች» አለና ቤቱ ገባ። ሬዲዮኑን ከፈተ። ሁለቱንም ብርጭቆ አጠበ፤ አንዱ ንጹሕ ነበር።

መልሱ በሁለተኛው ወር መጣ። በሩ ላይ ተቀምጦ ብሩሾቹን ሲያጥብ ልጁ ደብዳቤውን እንደያዘች ፊቱ ቆመች።

«አባዬ፣ ተሳስተዋል። የባሕር ዳርቻው ተቀብሎሻል ይላል። አንደኛ ምርጫሽ ይላል!»

«እንኳን ደስ ያለሽ።»

«እኔ እንደዚያ አልጻፍኩም። የገለበጥከው አንተ ነህ።»

«እኔ ነኝ።»

«የሰው ጽሑፍ አልነካም ስትል አልነበር? ምነው፣ እኔ ከልብስ ሰፊው አነስኩ? ጠየቅከኝ?»

«አልጠየቅኩሽም።» ብሩሹን አራገፈ። «ሻንጣሽን አምጪው፤ ስምሽን ልጻፍበት። ጀልባ ላይ ዕቃ ይቀያየራል ይባላል።»

እያለቀሰችም እየሳቀችም ደብዳቤውን ዘረጋችለት። «ለምን እንዳደረግከው ካልነገርከኝ ሻንጣ የለም። ንገረኝ፣ ለምን?»

ሌላ ብሩሽ አነሳ።

«አልነግርሽም» አላት።